ስለ ዝምተኛው መነኩሴ፦ በጨዋታ ጠረጴዛ ዙሪያ የተደረገ ምርምር

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ውስጥ ስለሚገኙት ፍጥረታት፣ ስለ ዘንዶውም ስለ ጎብሊኑም ስለ ሙታን ሠራዊቱም፣ በቂ ተጽፏል። በወጉ ሳይጠና የቀረው መነኩሴው ነው። ይህ ፍጡር ጨዋታው ሲጀመር ከመጠጥ ቤቱ ጥግ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ይገኛል። ስሙን ሲጠይቁት ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጠላት ሲመጣ ተነሥቶ ይማታል፤ ድብደባው እንዳለቀ ተመልሶ ዓይኑን ይጨፍናል። ተጫዋቹ ደግሞ «የእኔ ሰው ጥበበኛና ዝምተኛ ነው» ይላል። የዚህ ጥናት ጥያቄ ዝምታው የማን ነው የሚል ነው፤ የመነኩሴው ወይስ የተጫዋቹ?

የአማርኛ አንባቢ በቅድሚያ ቆቡን፣ መቋሚያውንና ዳዊቱን ከሐሳቡ ያውጣ። የዚህ ጨዋታ መነኩሴ ሙያው መራገጥ ነው። ደብረ ዳሞን ለመውጣት ገመድ ግድ ይላል፤ ይህኛው ግን 9ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ሽቅብ ይሮጠዋል። ቢወድቅም ችግር የለም፤ የአወዳደቁን ጉዳት መቀነስ ገና በ4ኛው ደረጃ ተምሯል።

ወደ ትውልዱ እንለፍ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙ። መነኩሴው በቀጣዩ ዓመት ብላክሙር በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ገባ። በዚያ ሰሞን አሜሪካ በኩንግፉ አብዳ ነበር። ከ1972 እስከ 1975 በተላለፈው «ኩንግፉ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ዴቪድ ካራዲን ክዋይ ቻንግ ኬን የተባለ የሻኦሊን መነኩሴ ሆኖ በአሜሪካ ምዕራብ ሲንከራተት ይታያል። ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ሲብስበት ይማታል። የዛሬው ዝምተኛ መነኩሴ ከዚህ ሰው መወለዱን የሚጠራጠር ካለ ዋሽንቱን ይመልከት።

ወራሾቹ ግን የወረሱት ዋሽንቱን ብቻ ነው። ኬን የሚንከራተተው ተፈላጊ ስለሆነ ነው። መምህሩን የገደለበትን የንጉሠ ነገሥቱን የወንድም ልጅ ገድሎ ከቻይና ሸሽቷል፤ በራሱ ላይ ዋጋ ተቆርጦበታል፤ በአባት የሚገናኘውን ወንድሙንም ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ዝም ቢል ዝምታው ነገር አለበት። በጠረጴዛችን ጥግ የተቀመጠው መነኩሴ ግን ማንንም አልገደለም፣ ማንም አይፈልገውም፣ ወንድምም የለው። ዝም ያለው የሚናገረው ስለሌለው ነው።

የጨዋታው ሕግ ለዚህ ስንፍና ሽፋን መስጠቱ መካድ የለበትም። በ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ስሌት ጥሩር ያልለበሰና ጋሻ ያልያዘ መነኩሴ መከላከያው 10 ሲደመር ቅልጥፍናው ሲደመር ጥበቡ ነው። ስለዚህ «ጥበብ የተሰጠኝ ዱላ እንዳያርፍብኝ እንጂ እንድናገርበት አይደለም» የሚል ተጫዋች የሕግ ድጋፍ አለው። ይባስ ብሎ በዚያው መጽሐፍ 13ኛው ደረጃ ላይ መነኩሴው ማንኛውንም የሚነገር ቋንቋ የመረዳት ችሎታ ያገኛል፤ ቋንቋ የሚያውቅ ፍጡር ሁሉም እርሱን ይረዳዋል። ይህ አጥኚ ይህን ችሎታ አግኝተው ያንኑ ራስ መነቅነቅ የቀጠሉ መነኮሳት አይቷል።

አንዳንዱ ዝምታው ሲሰለቸው መነኩሴውን ሰካራም ያደርገዋል። በ2017 የወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ የሰካራም አረማመድ የሚከተል የመነኮሳት ወገን አለው። ሕጉ ግን የሚጠይቀው እንደ ሰካራም መንገዳገድን ነው፤ መጠጣትን አይጠይቅም። ባዶ ሆድ ያለው ሰውም መንገዳገድ ይችላል። ጠባይ አልተገኘም፤ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ለመነኩሴ ጠባይ ከሚሰጡት ሕጎች ሁሉ የበለጠው ማንም ለጠባይ ብሎ ያልጻፈው ነው። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ መሠረት በዓለም ላይ 8ኛ ደረጃ ያላቸው መነኮሳት ሦስት ብቻ ናቸው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሰው ብቻ ይፈቀዳል፤ የመጨረሻው፣ የ17ኛው ደረጃ ባለቤት፣ የአበቦች ታላቅ መምህር ይባላል። ከፍ ማለት የፈለገ ከበላዩ ያለውን መነኩሴ ፈልጎ፣ አንድ ለአንድ ገጥሞ መርታት አለበት። ተሸናፊው ወደ ታች ይወርዳል።

እስቲ የዚያን ገዳም ማለዳ አስቡት። ደቀ መዝሙሩ ለመምህሩ ቁርስ ይዞ ይገባና ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል። «ደህና አደሩ አባቴ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?» መምህሩ ጥያቄውን ለምን እንደተጠየቀ ያውቃል፤ እርሱም በወጣትነቱ ያንኑ ጥያቄ ጠይቋል። «በጣም ተሽሎኛል ልጄ» ይላል፣ ሳይነሣ። በዚህ ቤት ያደገ መነኩሴ ወደ ማደሪያ ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል፤ ሽማግሌ ሲያነክስ ባየ ቁጥር ሳይወድ ደስ ይለዋል፣ በደስታውም ያፍራል። ከገዳሙ የወጣው ተሸንፎ ከሆነ ያሸነፈውን ሰው ስም መስማት አይወድም። አሸንፎ ከሆነ ደግሞ ከኋላው የሚመጣ አለ። እንዲህ ያለው ሰው በመጠጥ ቤት ጥግ ቢቀመጥ ጥጉ ራሱ ይናገራል።

ገንዘቡም ጠባዩን ያስተዋውቃል። በ2014ቱ መጽሐፍ የመነሻ ሀብት በዳይስ ሲጣል የሌሎቹ ሙያዎች ሁሉ ውጤት በ10 ይባዛል፤ የመነኩሴው ብቻ አይባዛም። ከ5 እስከ 20 ወርቅ ይዞ ወደ ዓለም ይወጣል። ይህ ሰው የአልጋ ዋጋ ሳይጠይቅ ማደሪያ ገብቶ አያውቅም። የጓደኞቹን ወጪ ሲያይ ይደነግጣል፣ የተረፈ ዳቦም በጨርቅ ይቋጥራል። ይህን የሚጫወት ግን ይቸኩል፤ 15ኛው ደረጃ ላይ ምግብም ውኃም አያስፈልገውም፣ በሾርባ ላይ የማጉረምረም መብቱም አብሮ ይሄዳል።

ያለ ሕግ ድጋፍ አርአያ ለሚፈልግ ደግሞ ዡዋንዛንግ አለ። ይህ የቻይና መነኩሴ በ7ኛው መቶ ዓመት ያለ ፈቃድ ከአገሩ ወጥቶ መጻሕፍት ፍለጋ ሕንድ ድረስ ሄዷል። «የምዕራቡ ጉዞ» የተባለው የቻይና ልቦለድ በእርሱ መነሻ የፈጠረው መነኩሴ ደግሞ ፈሪ ነው፤ ያለቅሳል፤ ሰው መስሎ የመጣ ጋኔን የገደለለትን ዝንጀሮ ነፍሰ ገዳይ ነህ ብሎ ያባርራል። ደግ፣ ግትርና አስቸጋሪ ሰው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አይራገጥም፤ ልቦለዱ ግን መቶ ምዕራፍ ሄዷል።

በዚህ ሳምንት መነኩሴ ይዞ ጠረጴዛ ለሚቀርብ ሁሉ የጥናቱ ውሳኔ እነሆ። ቁጥሮቹን ከመሙላቱ በፊት ሰውዬው ከገዳሙ ለምን እንደወጣ፣ እዚያ ማንን እንደሚጠላና የማን ዕዳ እንዳለበት ይጻፍ። መልስ ያጣ ተጫዋች ተዋጊ ይሁን። ተዋጊ ጥሩ ሙያ ነው፤ ጥሩር ይለብሳል፣ በ2014ቱ መጽሐፍ መሠረትም በመነሻው እስከ 200 ወርቅ ያገኛል።