ሹካ በግራ፣ ጉርሻ በቀኝ፦ በንፋስ መውጫ የገበታ ሥርዓት ላይ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ሹካና ቢላን በወጉ መያዝ ዛሬም ዋጋ አለው ወይስ ጊዜው አልፎበታል የሚለውን ክርክር፣ ከላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ከንፋስ መውጫ ሆኖ መርምሮ እልባት መስጠት ነው። የተመረጠው ዘዴ ተሳታፊ ምልከታ ይባላል፤ በአጭሩ በልተናል። ናሙናውን የመረጠው ረሃብ ሲሆን፣ የፍስክ ገበታ ከጾም ገበታ በርከት ብሎ መገኘቱ የውጤቱን ተአማኒነት እንደማይቀንሰው አጥኚው በጽኑ ያምናል። የእስቴና የስማዳ ወረዳዎችም ለንጽጽር ገብተዋል። የተገኘው ልዩነት ደጋው የገብስ፣ ቆላው የጤፍና የማሽላ እንጀራ ማቅረቡ ብቻ ስለሆነ በዚህ ላይ ቀለም አናባክንም።

ንፋስ መውጫ የመመገቢያ ዕቃ ሳይደርስባት የቀረች ከተማ አይደለችም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ከተማዋን ሰንጥቆ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን መንገድ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ቻይናዎቹ የሚበሉባቸውን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አገራቸው ረስተው እንዳልመጡ መገመት ይቻላል። መንገዱ ቀረ፤ እንጨቶቹ ሄዱ። መንገዱ ከሚጀምርበት ከወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ሩዝን የተዋወቀው በደርግ ጊዜ በመጡ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል ነው። ኮሪያዎች ሩዝን በማንኪያ ይበላሉ። ፎገሬው ሩዙን በምስጋና ተቀበለ፣ አስፈጨው፣ ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ ጋገረው። ጣሊያንም በ1928 ፓስታ ይዞ ገብቶ በ1933 ተባርሮ ሲወጣ ፓስታው እንጀራ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። አገሩ ምግብ ይቀበላል፤ መመገቢያ አይቀበልም። ምክንያቱ ግትርነት ሳይሆን መመገቢያ ስላለው ነው፤ ያውም በልተውበት ሲያበቁ የሚበላ፣ አጣቢም መሳቢያም የማይሻ።

«በእጅ መብላት ሥርዓት የለውም» የሚል ወገን ካለ ይህን አሳቡን በየትኛዋም የጋይንት እናት ፊት ያቅርብ። መልሱ የሚጀምረው ከእጅ መታጠቢያው ነው። የቤቱ ትንሽ ልጅ ማስታጠቢያውንና ኩስኩስቱን ይዞ ከትልቁ ሰው ይጀምራል፤ ብርዱ የታወቀ ነውና ውሃው ለብ ማለት አለበት። ትልቁ ሳይቆርስ ማንም አይቆርስም። ወጥ የጣትን ጫፍ እንጂ መዳፍን አይነካም። ጣት አይላስም። ከሁሉ በላይ «ከፊትህ ብላ» የሚል ድንጋጌ አለ። በትሪው ላይ የእያንዳንዱ ሰው ይዞታ ደብተር አይውጣለት እንጂ ወሰኑ እንደ እርሻ ድንበር የታወቀ ነው፤ ገፍቶ የገባ ሰው ለጊዜው አይከሰስም፣ ልጁን ሊድር ሽማግሌ የላከ ዕለት ግን ይነሣበታል።

ከእነዚህ ሁሉ አጥኚውን ያስገረመው ማንም ሕግ ብሎ የማይጠራው አንድ ልማድ ነው። ትልቁ ሰው እጁን ከገበታው ካነሣ ሌላውም ማንሣቱ አይቀርም። ስለዚህ ጨዋ አባት ከጠገበ በኋላም አይነሣም፤ የእንጀራ ጠርዝ እንደ ቁራሽ ሳይሆን እንደ ክር እየበጠሰ፣ ወጡን እየነካካ፣ ስለ ገበያው እየጠየቀ ይቆያል፤ በዓይኑ ጥግ የትንሹን ልጅ ጉንጭ ይከታተላል። ሹካ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምር መጽሐፍ ሁሉ ስለ በላተኛው ጣት እንጂ ስለ ጎረቤቱ ሆድ ምዕራፍ የለውም።

ቀጥሎ የእምቢታ ሥነ ሥርዓት ይመጣል። እንግዳው «በላሁ እኮ» ሲል ማንም አያምነውም፤ እርሱም እንዲታመን ብሎ አልተናገረውም።

«በሞቴ!»

«ኧረ በቃኝ፣ እትዬ።»

«አፈር ስሆን!»

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

«ይችን ብቻ፣ እኔ ልሙት!»

በአንድ እራት ሦስት ጊዜ የሞተችው ባለቤት ከዚያ በኋላ ቡና አፍልታ እስከ በረካ ድረስ በሙሉ ጤንነት ታስተናግዳለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ይከተላል፤ መጠኑንም የሚወስነው የአጉራሹ ፍቅር እንጂ የጎራሹ አፍ ስፋት አይደለም።

በዚህ ረገድ የጽሑፍ ማስረጃ የተውልን ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ገብተው ያዩትን በ1790 ሲያሳትሙ፣ በግብዣ ላይ የተከበረ ወንድ በገዛ እጁ እንደማይበላ፣ በግራና በቀኙ የተቀመጡ ሴቶች ሥጋውን በእንጀራ እየጠቀለሉ እንደሚያጎርሱት ጻፉ። ጉርሻው በተለቀ፣ የማላመጡ ድምፅም በጎላ መጠን ጨዋነቱ ከፍ ይል ነበር፤ ትንሽ የሚጎርስና ድምፁን አጥፍቶ የሚያላምጥ ለማኝና ሌባ ነው ይባል እንደነበርም መስክረዋል። ለንደን ብዙውን አላመነችም። ብሩስ እውነት ጽፈው ከሆነ፣ ዛሬ ልጇን «እያጮህክ አትብላ» ብላ የምትቆነጥጥ የጎንደር እናት የሌባ ሥርዓት እያስተማረችው ነው። ለነገሩ የብሩስ አገር ሰዎችም ከሹካ ጋር ብዙ አልቆዩም፤ ቶማስ ኮርያት የተባለ እንግሊዛዊ ሹካን ከጣሊያን ተምሮ በ1611 ቢጽፍ መሳለቂያ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደርሰናል፤ እርሱም ግራ እጅ ነው። በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ የነበረው የቤት አያያዝ ትምህርት እንደ አውሮፓ ወግ ሹካን በግራ፣ ቢላን በቀኝ ያስይዝ ነበር። ቀኝ ይቆርጣል፤ ግራ ያጎርሳል። በጋይንት ግን ግራ እጅ ገበታ ላይ አይወጣም። ግራ እጅ የራሱ የሥራ ድርሻ አለው፤ ጥናቱ የገበታ ስለሆነ አንዘረዝረውም። እንግዲህ ሹካን ያለ እንከን የያዘ የጋይንት ሰው በየጉርሻው አንድ ነውር ይፈጽማል ማለት ነው። ምግቡን የሚነካው ብረቱ እንጂ እጁ አይደለም የሚለው መከራከሪያ ለአገር ሽማግሌ ቢቀርብ «ሹካውንስ የያዘው ማን ነው?» በሚል ጥያቄ ውድቅ መደረጉ አይቀርም።

አሜሪካኖች ለዚህ መላ አላቸው፤ ከቆረጡ በኋላ ቢላውን አስቀምጠው ሹካውን ወደ ቀኝ ያዛውራሉ። ሹካን በቀኙ ብቻ የሚይዝ የንፋስ መውጫ ሰው እንግዲያው ሳያውቀው በዋሽንግተን ደረጃ ሥልጡን ነው። በዋሽንግተን ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ደግሞ አሜሪካዊውን ሹካህን አስቀምጥና በእጅህ ብላ ይሉታል፤ ተመስገን ብሎ ይከፍላል።

በቢላ በኩል ጋይንት አስተማሪ አያሻውም። ቁርጥ የሚበላ ሰው ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ፣ ከከንፈሩ ጥግ ቆርጦ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በ1669 ሹል ቢላ ከገበታ እንዲጠፋ አዘዙ፤ ይህን አለማየታቸው ለጤናቸው በጅቷል።

የመስክ ማስረጃው በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሆቴሎች ይገኛል። ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ለምሳ ሲቆም ተሳፋሪው «ፓስታ በእንጀራ» ያዛል። አስተናጋጇ በሶፍት የተጠቀለለ ሹካ አጠገቡ ታኖራለች። ተሳፋሪው ሶፍቱን ፈትቶ ለአፉ ያስቀረዋል፤ ሹካውን ከሚጥሚጣው ዕቃ ጎን ያስተኛዋል፤ እጅጌውን ሰብስቦ ፓስታውን በእንጀራ ይጠቀልላል። ሹካው ንጹሕ ሆኖ መጥቶ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል፣ ጓዳ ገብቶም ይታጠባል። በሠርግ ቡፌ ላይም ነገሩ ያው ነው። ታዲያ ሹካው አይምጣ? የለም! የቀረበት ሰው «ሹካ የላችሁም እንዴ?» ብሎ ቅር ይሰኛል፤ በዚያች ቅሬታ ውስጥ ከአዲስ አበባ ሆቴል አንሳለን ወይ የሚል አቤቱታ አለ። ስለዚህ በተያዘው ጥያቄ ላይ ጥናቱ የደረሰበት ውሳኔ፦ ሹካን በወጉ መያዝ ዋጋ የለውም፤ በወጉ መቅረቡ ግን የግድ ነው።

የግራኞች ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። በመላው ጋይንት ሹካን ያለ አስተማሪ፣ ልክ የአውሮፓ መጽሐፍ እንደሚያዘው በግራው አንሥቶ መብላት የሚችለው ሰው ግራኙ ብቻ ነበር። እርሱን ደግሞ ገና ጥርስ ሳያበቅል እናቱ እጁን መታ መታ እያደረገች ወደ ቀኝ አዙራዋለች።