ከሜክሲኮ ሲታይ

ሜክሲኮ አደባባይ ቆሞ «ፖሊስ ጠፋ» የሚል ሰው ዓይኑን ይታከም። የፌዴራል ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ነው፤ ሕንፃውን ጫፉ ድረስ ለማየት አንገት ያማል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩን የተነጠቀ ምስኪን እንኳ ቀና ብሎ ይጽናናል። (ሌባውም ሕንፃውን ያውቀዋል፤ ብዙም አያፍረውም።)

ጎጃም ወይም ወሎ ገጠር ያለው ወገናችን ቀና ቢል የሚያየው ሰማይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል ብዙ የገጠር ጣቢያዎች ባዷቸውን ቀሩ፤ ፖሊሱም ከተማ ገባ። አይፈረድበትም፤ እሱም ቢሆን ፖሊስ ወዳለበት መሸሽ መብቱ ነው።

በሬው የተነዳበት ገበሬስ? ወረዳ ሄዶ እንዳያመለክት መንገዱ ላይ አጋች አለ። ተይዞ ማስለቀቂያ ሲጠየቅ፣ ሸጦ ሊከፍል የሚችለው ያንኑ የተሰረቀውን በሬ ነበር።

አያቶቻችን ጣቢያ ባይኖራቸውም አውጫጭኝ ነበራቸው፤ አገሬው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፣ ሌባው ሳይታወቅ የሚበተን የለም። ሌባ ሻይም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንደረደረ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ዕዳ ከፋይ ይሆናል። ምርመራው አጭር፣ ነዳጅ አይፈልግ፣ አበል አይጠይቅ። ለበጀት እጥረት የታዘዘ ነው።

የፌዴራል ፖሊስ አለቆች ሆይ፣ «የገጠሩ ጣቢያ የክልሉ ነው እንጂ የኛ አይደለም» ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ሌባው ግን ይህን አልጠየቀም። እባካችሁ፣ ሌላ ሕንፃ ከመጀመራችሁ በፊት ለገጠሩ ሁለት ክፍል፣ አንድ መዝገብና እዚያው የሚያድር ፖሊስ ይታሰብ።