ከጀመርን አይቀር፦ በአሽኬሎን አንድ ዲራ እድሳት ላይ የተደረገ ጥናት

ከአሽኬሎን እስከ ነታንያ፣ በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ለምን እንደሚያድሱ እስካሁን በወጉ አልተጠናም። ቃብላኖች (የግንባታ ተቋራጮች) ምክንያቱ እርጥበት ነው ይላሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን እርጥበት ሰበብ ብቻ ነው፤ ዋናው መንስኤ «ከጀመርን አይቀር» የተባለው የተፈጥሮ ኃይል ነው።

ለጥናቱ የተመረጠው አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ዲራ (አፓርታማ) ነው። ባሕሩ ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ይታያል፤ ለማየት ግን የመጸዳጃውን ክዳን ረግጦ መቆም ያስፈልጋል። ይህ በውሉ ላይ ባይጠቀስም በዋጋው ላይ ተደምሯል።

ነገሩ የተጀመረው ከበረንዳው ጣሪያ የመዳፍ ስፋት ያለው የኮንክሪት ቅራፊ ወርዶ እማማ ካሰጡት በርበሬ ላይ ያረፈ ዕለት ነው። ኬሚስትሪው ውስብስብ አይደለም። ነፋስ ከባሕር ያመጣው ጨው በኮንክሪቱ ውስጥ እየሰረገ ብረቱ ዘንድ ይደርሳል። ብረቱ ይዝጋል። ዝገቱም፣ ለሳምንት ብሎ መጥቶ ሳሎኑን እንደሚይዝ ዘመድ፣ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ገፍቶ ይጥለዋል።

ቃብላኑ መጣ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያም በሙያው የታወቀውን ጥያቄ ጠየቀ፦ «ይሄን የሠራላችሁ ማነው?» ቤቱ ሲሠራ ከቤተሰቡ አንድም ሰው አገሩን አልረገጠም ነበር፤ ሆኖም ሁሉም አንገቱን ደፋ። ዋጋ ተጠራ። «ይህዬ በሴደር» (ይስተካከላል) ተባለ።

ኃይሉ ሥራ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሠራተኛ ከገባ አይቀር ትሪሱ (የመስኮቱ መከለያ) ይለወጥ። ትሪሱ ከተለወጠ አይቀር ባላታው (የወለሉ ንጣፍ) ይነሳ። ባላታው ሲነሳ ሥሩ አሸዋ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ዘመን ወለል የሚነጠፈው በአሸዋ ላይ ነበርና። ቤተሰቡ ለባሕር ቅርበት ሲከፍል ኖሮ የባሕር ዳርቻውን ሳሎኑ ሥር እንደያዘ ያወቀው ያኔ ነው። በአሸዋው ውስጥ የዛገ ቧንቧ ታየ፤ ቧንቧው ወደ መታጠቢያ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወዳለው የፀሐይ ዱድ (ውኃ ማሞቂያ) መራ። በረንዳው እስካሁን አልተነካም።

ልጆቹ በዚህ መሀል፣ እ.ኤ.አ. ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በአዳዲስ ቤቶች ግዴታ የሆነው ማማድ (የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል) ይጨመር ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። አባባ «ምድር ቤት ሚክላት (የጋራ መጠለያ) አለ አይደል?» አሉ። ሚክላቱ ሲከፈት የሕንፃው ብስክሌት ሁሉ እዚያ ተሸሽጎ ተገኘ።

እጅግ አከራካሪ ሆኖ የተገኘው ግን የኩሽናው ግድግዳ ነው። ልጅቷ ፈርሶ ከሳሎኑ ጋር አንድ ይሁን አለች፤ የጓደኞቿ ሁሉ እንደዚያ ነው። እማማ ማማሰያቸውን ሳያስቀምጡ «እንግዳ ድስቴን እየቆጠረ ሊበላ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የሁለቱም ዓይን ወደ ቃብላኑ ዞረ። ቃብላኑ ግድግዳውን አንዴ አንኳኳና «ተሸካሚ ነው፤ አይነካም» ሲል ወሰነ። ፕላን አላየም፤ መሐንዲስም አልጠየቀም። ያን ዕለት ምሳውን የእማማን ዶሮ ወጥ መብላቱ፣ እንቁላልም ሁለት እንደደረሰው፣ በጥናቱ መዝገብ ሰፍሯል።