ቁሌት በክፍያ

ዛንዚባር ላይ ጎብኚ ቅርንፉድ ለማሽተት ይከፍላል፤ ኮኮናት ፈቅፍቆ ወጥ ለመሥራት ደግሞ ሌላ ይጨምራል። «የባህል ምግብ ሥልጠና» ነው አሉ። እኛ ፎገራ ላይ ሥልጠናው በነጻ ነው፤ ለዚያውም ግዴታ። የወረታ እናት ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ ዘይት ሳታስነካ ድስቱ ላይ ታቁላላለች፣ ሊያርርባት ሲል ጠብታ ውኃ ጣል ታደርጋለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። የምስክር ወረቀት የሰጣት የለም። ለሩዙማ ብሔራዊ የምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ቆሞለታል!

እኛስ ምን ጎደለን? ነጭ ሽንኩርቱ፣ አብሹ፣ ጥቁር አዝሙዱ ከደጃችን አለ። ኮረሪማው ከከፋ ወገን ይምጣ፤ ጎብኚው መቼም መታወቂያውን አይጠይቀው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ «የጀልባ ጉብኝት» እንላለን። የሽንኩርት ዋጋ ወድቆ ገበሬው የለቀማውን ሒሳብ እንኳ ሲያጣ ደግሞ «ማሳ ላይ እንደ ልብ ማሽተት» ብለን ትኬት እንቆርጣለን። መሬት ላይ የሚበሰብሰው ሽንኩርት ሽታው እንደሆነ ከዛንዚባር ቅርንፉድ አያንስም።

ጎብኚው እስኪመጣ ግን፣ አንተ ሶፋ ላይ ተጋድመህ «ወጡ አልደረሰም ወይ?» የምትል ወንድሜ፣ ተነሥና ሽንኩርት ላጥ። ክፍያ አንጠይቅህም።