ክላስ ኤ ሞተር ሳይክል አይደለም

ከዴንቨር የመጣው ደብዳቤ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሲነበብ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ልጁ «የአሜሪካን አንደኛውን መንጃ ፈቃድ፣ ክላስ ኤን፣ አወጣሁ» ብሏል። አባቱ ጋሼ ደግሞ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፤ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ከወደቡ አንስተው በሚሌና በባቲ ኮምቦልቻ ያደርሱ የነበሩ። በእሳቸው ዘመን አንደኛ ደረጃ ሞተር ሳይክል፣ ተሳቢ የሚያስነዳው አምስተኛ ነበር።

«ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሞተር ሳይክል!» አሉ።

የልጁ ሁለተኛ ደብዳቤ በንዴት የተጻፈ ነው። አገር ቤትም እኮ የድሮው ደረጃ ቀርቶ ሞተር ሳይክል፣ አውቶሞቢል፣ ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ (ቦቴ) ሆኗል፤ አዋጅ ቁጥር 1074/2010ን ማየት ነው። አሜሪካኖቹ ግን ቆጠራውን ከትልቁ ይጀምራሉ። ክላስ ኤ ማለት ጠቅላላ ክብደቱ ከ26,001 ፓውንድ፣ ወደ 118 ኩንታል ግድም፣ የሚጀምር ባለተሳቢ ነው፤ የሚጎተተው ለብቻው ከ10,000 ፓውንድ ይበልጣል። ያለተሳቢ ከሆነ ክላስ ቢ ይባላል።

ጉድ ያፈላው ግን ከመንዳቱ በፊት ያለው ፍተሻ ነው። ጋሼ ቢሆኑ ጎማውን በእግራቸው መታ አድርገው «ሂድ!» ነው የሚሉት። እዚያ ተፈታኙ መኪናውን እየዞረ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እየጠቆመ፣ «አልተሰነጠቀም፣ አልተጣመመም፣ አልተሰበረም» እያለ ጮክ ብሎ ይናገራል። የወሎ ሰላምታ በሉት፦ ባሌስትራው ደህና፣ ቡሎኑ ደህና፣ መብራቱስ? ልጁ የመኪናው ወገብ ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛው ከዳውና በአማርኛ ቀጠለ። ፈታኟ ቀና ብላ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችው።

«ከፍሬኑ።»

ቀጥሎ የንፋስ ፍሬኑ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ተረግጦ፣ ግፊቱ በአንድ ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ልጁ ደቂቃዋ እስክታልቅ እሱም ትንፋሹን ይዞ ቆየ፤ ከማን እንደወጣ ማን ያውቃል!

አለፈ። አሁን ዋዮሚንግ ውስጥ መኪና ሲያሳድር «ደህና እደር» የሚለው ሰው የለም። ስለዚህ መኪናውን ይሰናበታል፤ ፍሬኑም «ፍስስ» ይለዋል። ከጋሼ መልስ ይሻላል፣ ቢያንስ አይሳደብም።

እህቱ ዝም አላለችም። «የእማዬን አህያ ሐይቅ ከተማ ገበያ ማድረስ ያቃተህ ልጅ፣ 16 ሜትር ተሳቢ እሺ ብሎ ይከተልሃል? ፈሳሽ ካማረህ ናና አርዲቦ ላይ ታንኳ ንዳ!» ብላ ላከችበት።

ፈሳሽ ስትል ጋሼ ዝም አሉ፤ ቦቴ ነድተው አያውቁምና። ልጁ ይህን ያውቃል። ክላስ ኤው ላይ ቦቴ ለመጨመር ደግሞ የሚጠየቀው የጽሑፍ ፈተና ብቻ ነው።