ዝንብን እስከ መስቀል በክብር የማቆያ ዘዴ

ጅማ ላይ ዝናብ አስፈቅዶ አይመጣም። ሐምሌ ሲጋመስ የአዌቱ ወንዝ ይደፈርሳል፣ ጫማ በጭቃ ይከብዳል፣ ዝንብም ለመጠለል ሰው ቤት ይገባል። አንዳንዱ ቤተሰብ ይህን እንግዳ ሳይጠግበው ያጣዋል። ሌላው ግን እስከ መስቀል፣ ከቀናውም እስከ ቡና ለቀማ ያቆየዋል። ይህ በዕድል የሚገኝ አይደለም። ከሰቃ እስከ አጋሮ፣ ከማና እስከ ሊሙ ገነት በየክረምቱ የሚሠራበት ሙያ ነው፤ ደንቦቹም እነሆ።

የመጀመሪያው ደንብ፦ ጦርነቱ ከሳሎን አይወጣም። ለዚህ ጭራን የመሰለ መሣሪያ የለም። ጭራ በሹማምንትና በካህናት እጅ ለዘመናት የኖረ የክብር ዕቃ ነው፤ አንዲት ዝንብ ሳይገድል የያዘውን ሰው ሥራ ላይ ያለ ያስመስለዋል። አባወራው ከአንድ ግንድ በተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተመቻችቶ ጭራውን ወደ ቀኝ ሲያወናጭፍ ዝንቡ በግራ በኩል ወደ ባለቤቱ ሲኒ ይሻገራል። እሷም በነጠላዋ ጫፍ መልሳ ትልክለታለች። እንዲህ እየተላላኩ ይመሻል።

ሁለተኛው ደንብ መስተንግዶ ነው። ቡና በሚፈላበት ከሰዓት የስኳሩ ዕቃ ክዳን አያሻውም። ቡና ቀላ ከቀረበማ፣ ጀንፈሉ በቅቤ እያብረቀረቀ፣ ሳህኑን ገልጦ መተው ነው። ዝንብ ጣዕም የሚለየው በእግሩም ጭምር ስለሆነ ገና ከማረፉ ምን እንደተደገሰለት ያውቃል። ስኳሩን የሚያኝክበት ጥርስ ስለሌለው ምራቁን ያንጠባጥብበታል፤ የሟሟውን መልሶ ይመጥጠዋል። ከዚያ የፊት እግሮቹን አሻሽቶ ወደ ሲኒው ከንፈር ይወጣል።

«እትዬ፣ ሲኒዎ ላይ ዝንብ አለ።»

«ተዪው ልጄ፣ ዝናብ ነው እኮ። የት ይሂድ?»

ከየት እንደመጣ መጠየቅማ ነውር ነው። ይህን ነውር የደፈሩ ተመራማሪዎች ግን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአዲስ አበባ አራት ቦታዎች 9,550 ዝንቦች ሰብስበው መረመሩ። በአካላቸው ላይም በሆዳቸው ውስጥም የሰው አንጀት ጥገኛ ተውሳኮችን አገኙ፤ የወስፋት እንቁላል ሳይቀር።

ሦስተኛው ደንብ ከሁሉ ይከብዳል፦ ወደ ጓሮ አለመዞር።

እንስት የቤት ዝንብ በአንድ ጊዜ 100 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋ እስከ 500 ትደርሳለች። የምትጥለው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ፍግ፣ የጠላ አተላና የበሰበሰ ጥራጊ ላይ ነው። እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ቦታው ሞቃት ከሆነ እጩ በ10 ቀን ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ስለዚህ ፍጉን በየሳምንቱ የሚያነሳና ራቅ አድርጎ የሚያደርቅ ሰው ዝንቡን ገና በእጭነቱ ይጨርሰዋል። ለዝንብ የሚያዝን ሰው ግን በየ15 ቀኑ ያነሳል፤ ያኔ ክምሩ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹም ለአካለ መጠን ደርሰው ወደ ማጀት ገብተዋል። «ክረምቱ ብርድ ነው፣ ይፈጀዋል» የሚለው ማጽናኛም እዚህ ላይ ይጠቅማል። በሐምሌ ማለዳ ከፍጉ ክምር እንፋሎት ሲትጎለጎል ማየት ይህን ተስፋ ስለሚያበላሽ በዚያ ሰዓት ከመኝታ አለመነሳት ይመከራል። ፍግ ሲብላላ ራሱን ያሞቃል፤ እጩ ከባለቤቱ ይልቅ ሞቆት ያድራል።

ሽንት ቤትም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዛሬዋ ዚምባብዌ የተሠራ አንድ ዓይነት ሽንት ቤት ረጅም የአየር ማውጫ ቧንቧ አለው፤ ጫፉ በወንፊት ተሸፍኗል። ቤቱ ጨለማ ከሆነ ከጉድጓዱ የሚወጣ ዝንብ ብርሃን ፍለጋ በቧንቧው ሽቅብ ይወጣና ወንፊቱ ሥር ታግዶ ይሞታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወንፊቱን ነቅሎ በሩን ገርበብ ማድረግ። ሕፃናትን ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ሌላ ዘር ያስገኛል። ከልጆች ዓይን የማይጠፋው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ሰገራ እንጂ በጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን ከሚያዞሩት አንዱ እሱ ነው፤ በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም የከበደባት አገርም ኢትዮጵያ ናት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዝንቡ ከበዛ ወደ ፍሊት ይኬዳል። ምሳው ሳይነሳ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ እንጀራው ላይ ጭምር ይነፋል። ጠንከር ያለ የሚወድ ደግሞ ከቀድሞው የወባ ርጭት የተረፈ ዲዲቲ ያፈላልጋል። የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት ያገኘው ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 ኖቤል ተሸለመ፤ የስዊድንና የጣሊያን የቤት ዝንቦች ግን ከዚያ ቀድመው እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947 መድኃኒቱን ለምደውታል። ያልለመደው ሌላው ነው። በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የዲዲቲን ቅሪት በላም ወተት ውስጥም በእናት ጡት ወተት ውስጥም አግኝቶታል።

የመጨረሻው ደንብ ጥፋቱን ለሌላ መስጠት ነው፤ በቡና አገር ይህ አይቸግርም። ከ100 ኪሎ እሸት ቡና 40 ኪሎ ያህሉ ልጣጭ ነው። ተቆልሎ ሲበሰብስ በርግጥም ዝንብ ይጠራል፣ ወንዝ ሲገባም ውኃ ያበላሻል። «ዝንቡ የቡና ማጠቢያው ነው» ማለት እንግዲህ አሳማኝ ነው። ማጠቢያው ሥራ የሚበዛበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን በሐምሌ በሩ ላይ ቁልፍ መንጠልጠሉን የሚያነሳ ጎረቤት ካለ ወሬውን ወደ ቡና ዋጋ ማዞር ነው።

ማታ ቡናው ተነሥቶ፣ ረከቦቱ ጥግ ይዞ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዝንቦቹ የአምፖሉ ገመድ ላይ ይሰለፋሉ። ገመዱ በኩሳቸው ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። ብርዱ አደንዝዟቸዋል፤ በእጅ ቢነኳቸውም እምብዛም አይነሡም። በዚህ ሰዓት አንድ እርጥብ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ቢሳብ ሁሉንም ይለቅማቸዋል። አባወራው ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ ጭራውን ሚስማሩ ላይ ይሰቅላል፣ እንዳይቀሰቅሳቸው ማብሪያ ማጥፊያውን ቀስ አድርጎ ይጫናል።