ደብዳቤና ቁልፍ

የጉና ብርድ ሐምሌ ላይ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚወስደው መንገድ የተራራውን ወገብ ይዞ ሲያልፍ ጉም መኪናውን ይውጠዋል፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት እያወጣ ነው የሚነዳው። ተመርቄ ዕጣ የወጣልኝ ከዚያ ተራራ ማዶ ነበር።

ሻንጣዬን ሳልፈታ የሹመት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሜዲካል ዳይሬክተር ሆነሃል ይላል። ገጠር ውስጥ የተለመደ ነው። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ ሐኪም ግን ስለሚያንሰው ትናንት የተመረቀው ዛሬ ኃላፊ ይሆናል። የልብ ምት ማዳመጥ ተምሬአለሁ። በጀት ማንበብ፣ ስብሰባ መምራት፣ የተኮራረፉ ሠራተኞችን ማስታረቅ ያስተማረኝ አልነበረም።

አንድ የክረምት ሌሊት ከሩቅ ቀበሌ ወላድ በቃሬዛ መጣች፤ ተሸካሚዎቿ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ምጡ ጠንቶባታል፣ የፅንሱም የልብ ምት ወርዷል። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያችን ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባት። ሆዷ ተከፍቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ናፍጣው ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሊደርስ ደብረ ታቦር ወርዷል። ቢኖርም መጠየቂያው ሞዴል 20 ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ የወጪው ሞዴል 22 መቆረጥ ነበረበት።

አዋላጇ ስልኳን አብርታ ያዘች፣ እኔም የእኔን። ዘበኛው በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ዶክተር፣ አይዞህ፤ አስፋልቱ ዳር አይሱዙ አድሯል» አለኝ። «ሩጥልኝ ጋሼ!» አልኩት። ሹፌሩን ቀስቅሶ፣ ከታንከሩ በጎማ ቱቦ ስበው ጀሪካን ሞሉ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ልጁ አልቅሶ ነበር። እናትም ልጅም ተረፉ።

በዚሁ በጋይንት በኩል ነው አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት፤ መንገዱ ሲጠረግም ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። በአገራችን መሪ እንዲህ በክንዱ ሲያግዝ ይወደዳል። እኔም ያን ሌሊት ያዋጣሁት ክንዴን ነው። ክንድ ግን የነገውን ሌሊት አያድንም፤ የነገው የሚድነው በማግሥቱ በምናደርገው ነው።

በማግሥቱ፣ ንብረት ክፍሉ ይቀጣ ያሉ ነበሩ። ሰውየው ግን ደንቡን ነው የጠበቀው፤ ናፍጣ ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ከእሱ ጋር ተቀምጠን አሠራሩን አስተካከልን። አንድ ጀሪካን በፊርማ ለተረኛ ነርስ ተሰጠ። ትርፍ ቁልፍ በታሸገ ፖስታ ዘበኞች ዘንድ ተቀመጠ። ጄኔሬተሩም ተረኛ በተቀያየረ ቁጥር እየተፈተሸ ውጤቱ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ተስማማን። ሐሳቡን ያመጣችው አዋላጇ ናት። የሐኪም መሪነት የምለው ይህን ነው፤ የሚያውቁ ሰዎችን አስቀምጦ መጠየቅ፣ የተስማሙበትን ጽፎ ማስፈጸም።

ይህን አገራችን ማስተማር ታውቅበታለች። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በቡድን አድርጎ ገጠር እየላከ ያለማምድ ነበር። ጤና መኮንኑ ጤና ጣቢያ መምራትን የሚማረው ነገ አብረውት ከሚሠሩት ጋር ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ዬል ጋር ሆኖ የሆስፒታል አስተዳደርን በማስተርስ ማስተማር ጀመረ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ከጉና ማዶ ለሚመደብ ጀማሪ ሐኪም ግን አይደርስለትም።

ዛሬ ደብረ ታቦር የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሐኪምም ታስመርቃለች። ተማሪው ከመመረቁ በፊት ገጠር ሆስፒታል ከሥራ አስኪያጁ፣ ከንብረት ክፍሉና ከአዋላጇ ጎን ይቀመጥ፤ በጀት ሲዘጋ፣ መድኃኒት ሲጠየቅ፣ ቅሬታ ሲሰማ ይይ። ሲመደብም በመጀመሪያው ዓመት በሌሊት ደውሎ የሚያማክረው አንድ ነባር ሐኪም በስም ተለይቶ ይሰጠው። ወጣት ሐኪሞች ገጠሩን ጥለው የሚሄዱት ደመወዙ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ያልተማሩትን ኃላፊነት ተሸክመው ብቻቸውን ስለሚቀሩም ነው። ደመወዙ የመንግሥት ካዝና ይጠይቃል፤ ይህን ልምምድና ማማከር ግን ዩኒቨርሲቲውና የዞኑ ጤና መምሪያ ተነጋግረው በመጪው መስከረም ሊጀምሩት ይችላሉ።